ኦከር፦ ገንዘብ ሲወልድ

ወለድ ስንል ምን ማለታችን ነው? ቃሉን ዘወትር እንጠራዋለን እንጂ «ወለደ» ከሚለው ግሥ መውጣቱን ልብ የምንለው ስንቶቻችን ነን? ብር ብርን ወለደ ማለታችን እኮ ነው። ይህን አባባል ግን የኛ ብቻ እንዳይመስለን እስቲ ወደ ስካንዲናቪያ እንሻገር።

ስዊድኖች አራጣን «ኦከር» ይሉታል፤ ዴንማርኮችና ኖርዌዮች ደግሞ «ኦገር»። ቃሉ ለነሱም እንግዳ ነበር። በመካከለኛው ዘመን የሰሜን ጀርመን ነጋዴዎች የባልቲክን ንግድ ሲይዙ ከሸቀጡ ጋር አብሮ የገባ ነው። ሥሩ ግን ከዚያ ይርቃል። በ4ኛው መቶ ዓመት ጳጳሱ ኡልፊላስ ወንጌልን ወደ ጎቶች ቋንቋ ሲተረጉም፣ በሉቃስ 19፥23 ላይ የገንዘቡን ትርፍ የጠራው በዚሁ ቃል ዘመድ በ«ዎክርስ» ነው። በጥንታዊው እንግሊዝኛ ያለው ዘመዱም እድገት፣ ፍሬ፣ እንዲያውም ልጅ ማለት ነበር። ኡልፊላስ ከፊቱ ያገኘው የግሪኩ «ቶኮስ»ስ? እሱም መውለድና ልጅ ማለት ነው። እንግዲህ ግሪኩም፣ ጎቱም፣ እኛም ገንዘብን እንደ ላም ቆጥረነዋል!

ላም ግን ሣር ግጣ ትወልዳለች፤ ብር ምን ግጦ ይወልዳል? አርስቶትል ይህን የገንዘብ ልደት ከገቢ ሁሉ ይልቅ ከተፈጥሮ የራቀ ነው ብሎታል። የሮማ ቤተ ክርስቲያንም በ1179 እ.ኤ.አ. በላተራን ጉባኤ፣ በይፋ የታወቀ አራጣ አበዳሪ እንዳይቆርብ፣ በክርስቲያን ሥርዓትም እንዳይቀበር ወሰነች። ፍሬ የነበረው ቃል ነውር ሆነ። በዴንማርክኛ «ኦገርካርል»፣ ማለትም የአራጣ ሰው፣ ማንም የማይወደው ስም ነው። የሚገርመው ግን በዚያው ቋንቋ አንድ ሰው «በመክሊቱ አራጣ ሠራ» ከተባለ ምስጋና ነው፤ ተሰጥኦውን በሚገባ ተጠቀመበት ማለት ነው።

ታዲያ ዛሬስ? ከ1965 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራው የስዊድን የወንጀል ሕግ በምዕራፍ 9 ቁጥር 5 ኦከርን ሲደነግግ መነሻው የመቶኛ ልክ አይደለም። የሰውን ችግር፣ አለማስተዋል፣ ግድየለሽነት ወይም ጥገኝነት መጠቀሚያ አድርጎ ያለ ልክ ማትረፍ ወንጀል ነው ይላል። ነገሩ በብድር ብቻ አይወሰንም፤ በተራው አነጋገርም አለቅጥ የናረ የቤት ኪራይ «ኦከር» ይባላል።

እኛ ከዚህ የምንማረው አለን። «ገንዘብ ወለደ» ስንል ተበዳሪው ከዓረፍተ ነገሩ ይጠፋል፤ ብሩ ብቻውን የተራባ ይመስላል። ሕጉ ያን የጠፋ ሰው መልሶ አምጥቶ ችግሩን በስሙ ጠራው። እንዲህ ከሆነ እኛም በየደብተራችን ወለድ ስናሰላ ምጡ የማን እንደሆነ ብንጠይቅ ምን አለበት?