ከስደት በፊት የተንጐራጐረ ስደት፤ ስለ እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ የመጀመሪያ የድምፅ አልበም

በየካቲት ወር 2016 ዓ.ም. ሚሲሲፒ ሬከርድስ የተባለ የአሜሪካ ሸክላ አሳታሚ፣ ስምንት ዜማዎች የያዘና በፈረንሳይኛ «ሱቬኒር» የሚል ስም የተሰጠው፣ በእኛ አፍ «ትዝታ» ወይም «መታሰቢያ» ሊባል የሚችል አንድ አልበም አወጣ። የዜማዎቹ ባለቤት እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ መጋቢት 17 ቀን 2015 ዓ.ም. በ99 ዓመታቸው በኢየሩሳሌም ካረፉ በዚያን ጊዜ 11 ወር ያህል ሆኗቸው ነበር። የሙዚቃ ሰዎች «የመጀመሪያ አልበም» ሲሉ በልማድ የሚታሰባቸው ገና የሕይወቱን ደጃፍ የረገጠ ጐበዝ እንደ መሆኑ፣ ድምፃቸው ለመጀመሪያ ጊዜ በአልበም የተሰማው ከመቃብር በኋላ የሆነ አንዲት መነኩሲት ሲገጥሙት አድማጩ መደነቁ አይቀርም። እርግጥ ነው፣ እማሆይ ለዓለም እንግዳ አልነበሩም፤ ፍራንሲስ ፋልሴቶ ያዘጋጀው «ኢትዮፒክስ» የተባለው ተከታታይ ሥራ 21ኛው ክፍል በ1998 ዓ.ም. ለእርሳቸው ከተሰጠ ወዲህ የፒያኖ ድርሰቶቻቸው ከቶኪዮ እስከ ፓሪስ አድማጭ አግኝተዋል። ዳሩ ግን በዚያ ሁሉ ዘመን የታወቁት ጣቶቻቸው እንጂ አንደበታቸው አልነበረም።

የተቀረጹበት ሁኔታ በራሱ ሊጤን የሚገባው ነው። ዜማዎቹ በ1970ዎቹ በአዲስ አበባ በቤተ ሰባቸው ቤት፣ በተራ የካሴት ቴፕ፣ ያለ መሐንዲስና ያለ አቀናባሪ የተቀረጹ ናቸው። ጆሮውን አቅርቦ የሚያደምጥ ሰው መጀመሪያ የሚሰማው ፒያኖውን ሳይሆን የቴፑ ቍልፍ በጣት ሲጫን «ቋ» የሚለውን ነው፤ ቀጥሎ የወንበሩ ሲጢጥታ፣ ከመስኮቱ ውጭ የወፎች ጫጫታ፣ ከዚያ በኋላ ነው ቀጭንና የሚንቀጠቀጥ፣ ከፒያኖው ዜማ ጋር እግር በእግር የሚሄድ ድምፅ የሚመጣው። ይህን ጸሐፊ ከሁሉ ይልቅ የሚገርመው ያ ቍልፍ ነው። ቀራጺዋም ደራሲዋም አንጐራጓሪዋም አንዲት ሴት መሆናቸውን ከማናቸውም የአልበም መግቢያ ይልቅ ያ ድምፅ ይመሰክራልና።

እነዚህን ዜማዎች ምን ብለን እንጥራቸው? መነኩሲት አትዘፍንምና ዘፈን ልንላቸው አይቻልም፤ በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ለማኅሌት የተዘጋጁ አይደሉምና መዝሙር ልንላቸውም አይገባም። አማርኛችን ግን ለዚህ የሚሆን ስም ካለው ቆይቷል፤ ይኸውም እንጉርጉሮ ነው። ሴት ወፍጮ ስትፈጭ ወይም ጥጥ ስትፈትል፣ አድማጭ ሳትጠብቅ፣ የልቧን ለራሷ የምታወጣበት ነው። እማሆይ ያንን የእናቶቻችንን ልማድ ካይሮ በተማሩት ፒያኖ አጅበው አንጐራጐሩ ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም።

ሕይወታቸው ለእንጉርጉሮ የሚሆን ነገር አላነሰበትም። ታኅሣሥ 2 ቀን 1916 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሲወለዱ የውብዳር ተብለው የተጠሩት እማሆይ፣ አባታቸው ከንቲባ ገብሩ ደስታ ገና በ6 ዓመታቸው፣ ኋላ በደራሲነትና በፓርላማ አባልነት ከታወቁት ከእኅታቸው ከወይዘሮ ስንዱ ጋር ለትምህርት ወደ ስዊዘርላንድ ላኳቸው። ቋንቋውን ከማታውቀው ሕፃን ጋር ቀድሞ የተነጋገረው ሙዚቃ ሳይሆን አይቀርም። ወደ አገራቸው ተመልሰው ጥቂት ዓመት እንዳረፉ የጣልያን ወረራ መጣ፤ በ1929 ዓ.ም. ከዘመዶቻቸው መካከል የተገደሉት ተገድለው፣ የቀሩት ቤተ ሰቦች በምርኮ ወደ ጣልያኗ አዚናራ ደሴት፣ ቀጥሎም በኔፕልስ አጠገብ ወዳለችው መርኮልያኖ ተጋዙ። ከነጻነት በኋላ በካይሮ ከፖላንዳዊው የቫዮሊን ሊቅ ከአሌክሳንደር ኮንቶሮቪች ዘንድ በቀን 9 ሰዓት እየተለማመዱ ተማሩ። ወደ ለንደን የሙዚቃ አካዳሚ ለመሄድ ዕድል ተገኝቶ ሳለ ፈቃድ ተከለከሉ። ሐዘኑ ከምግብ ለይቶ ለሞት አቀረባቸው፤ ከዚያ ሕማም ሲነሡ የሄዱት ወደ ለንደን ሳይሆን ወደ ግሸን ማርያም ነበር። በዚያም በ21 ዓመታቸው መንኩሰው፣ ጫማ አውልቀው፣ 10 ዓመት ያህል በጭቃ ቤት በጽሙና ኖሩ።

እንግዲህ ይህን ታሪክ የሚያውቅ ሰው በአልበሙ ውስጥ የሚጠብቀው ያለፈውን የሚያስታውስ፣ ፊቱን ወደ ኋላ ያዞረ ትዝታ ነው። እዚህ ላይ ግን ጊዜው ራሱ ይፋለሳል። የዜማዎቹ ርእሶች ስለ ሰማይና ስለ ደመና፣ አገርን ስላለመርሳት፣ ስለ እናት አገር ኢትዮጵያ፣ ስለ መስከረም ፀሐይ ይናገራሉ፤ ተናጋሪዋ ከአገሯ የራቀች፣ ያገሯን ሰማይ ከሩቅ የምትፈልግ ሴት ናት። እማሆይ ግን ይህን ሲያንጐራጕሩ ገና አዲስ አበባ፣ በቤታቸው፣ በዚያው ሰማይ ሥር ነበሩ፤ ወደ ኢየሩሳሌም የሄዱት በ1976 ዓ.ም. ገደማ ነው። በእኔ ግምት የአልበሙ ምሥጢር የተደበቀው እዚህ ላይ ነው። ሰው ከራሱ ኑሮ ቀድቶ ሲዘምር የሚቀዳው ከደረሰበት ብቻ አይደለም፤ እንደሚደርስበት ልቡናው ካወቀውም ይቀዳል። ከፒያኖ ድርሰቶቻቸው መካከል አንዱን ነገር ከመሆኑ በፊት ነፍስ የምታገኘውን ስሜት በሚያመለክት ቃል መሰየማቸው ይህን ግምት ያበረታዋል።

አንድ ሐያሲ ተነሥቶ፣ «ይህ ትንቢት ሳይሆን ለሄዱት የተላከ ደብዳቤ ነው፤ ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ፣ ይልቁንም በቀይ ሽብር ዘመን፣ ስንቱ ተሰድዶ ነበርና» ቢል ክርክሩ ቀላል አይሆንም። እንዲያውም ከርእሶቹ አንዱ፣ በምትኖሩበት አገር ፀሐይ ነው ወይስ ደመና ብሎ የሚጠይቀው፣ በግልጥ ከቀረ ሰው ወደ ሄደ ሰው የተነገረ ነው። ሌላው ደግሞ ከሄደ ሰው አፍ የወጣ ይመስላል። ንባብንና ምሥጢርን ለይቶ በሚተረጕመው በአንድምታው ሥርዓት እንሂድ ብንል፣ ንባቡ ሁለት ሰዎችን ያሳያል፤ አንዱ ከደጅ ቆሞ የሚሸኝ፣ አንዱ ከባሕር ማዶ የሚናፍቅ። ምሥጢሩ ግን አንዲት ነፍስ ናት። በ6 ዓመቷ የተሸኘች፣ በ1929 ዓ.ም. የተጋዘች፣ አሁንም ሦስተኛው ስደት እንደሚመጣ ያወቀች ነፍስ ለሁለቱም ወገን መናገር ትችላለች፤ በአንደኛው ስታለቅስ ሁለተኛውን ታጽናናለች። ከዜማዎቻቸው አንዱን በፈረንሳይኛ ስለ ቍጡ ባሕር መሰየማቸውም፣ ያንን ቋንቋና ያንን ባሕር መቼ እንዳወቋቸው ለሚያስብ ሰው ተራ ነገር አይሆንም።

የምንኵስና ስማቸውም ሌላ መንገድ ይከፍትልናል። በቤተ ክርስቲያናችን ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያለው ወራት ዘመነ ጽጌ፣ ማለትም የአበባ ዘመን፣ ይባላል፤ አበባ ምድርን በሚሸፍንበት በዚያ ወራት ግን የሚታሰበው ደስታ ብቻ አይደለም፤ እመቤታችን ልጇን ይዛ ወደ ግብፅ መሰደዷም ነው፤ የአበባው ምስጋና ማኅሌተ ጽጌና የስደቱ ልቅሶ ሰቆቃወ ድንግል በአንድ ሌሊት አብረው ይቆማሉ። በጐንደር የያሬድን ዜማ ሊያጠኑ የተቀመጡት እማሆይ ይህን ሥርዓት ከማንም ይልቅ ያውቁት ነበር። ስለዚህ የመስከረምን ፀሐይ የሚያነሣውን ዜማ ከስደቱ እንጉርጉሮ ጐን ስንሰማው እንደ እንግዳ ነገር ልናየው አይገባም፤ በዚህች ቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር አበባና ስደት አንድ ወቅት ናቸው፤ ጽጌ ማርያም የሚለውም ስም ሁለቱን ይዟል። እማሆይ ይህን አስበው አደረጉት ለማለት ማስረጃ የለኝም፤ ከሠላሳ ዓመት በላይ ምንኵስና በኋላ ግን ማሰብ የሚያስፈልግ አይመስለኝም።

ዛሬ «ነጻ ከያኒ» የሚባለው፣ በራሱ ገንዘብና በራሱ ፈቃድ የሚሠራው ሰው፣ ስለ ነጻነቱ ብዙ ሲናገር እንሰማለን። እማሆይ አልተናገሩም። በ1950ዎቹ በጀርመን አገር የታተመው የፒያኖ ሸክላቸው ገቢ ለችግረኞች እንዲውል አድርገው ነበር፤ ለንደን ለመሄድ ግን የሌላ ሰው ፈቃድ አስፈልጓቸው፣ ያም ፈቃድ ሳይመጣ ቀርቷል። ለቴፑ ቍልፍ የማንም ፈቃድ አላስፈለገም። እነዚያ ካሴቶች ከአርባ ዓመት በላይ ባይጠበቁ ኖሮ ዛሬ የምንነጋገርበት ነገር ባልነበረ ነበር፤ የካሴት ክር ከዓመት ወደ ዓመት ይደርቃል፣ ይላላጣል፣ በመጨረሻም ዝም ይላል። የእናቱ ወይም የአያቱ እንጉርጉሮ ያለበት ካሴት በሣጥን ያኖረ አንባቢ ቢኖር፣ በላዩ የተጻፈው ስምና ዓመት ሳይፋቅ፣ ዛሬውኑ እንዲያስገለብጠው እለምነዋለሁ።