ነፋስ ስልክና ላፍቶ፦ ያስተማርኩትን ስህተት ላርም

በተለይ የቀድሞ ተማሪዎቼ እስቲ ይቺን አንብቧት፣ የምትመለከተው እናንተን ነው።

ማስተማር በጀመርኩ ሰሞን "ነፋስ ስልክ ለምን ነፋስ ስልክ ተባለ?" ብላችሁ ስትጠይቁኝ "ሜዳ ስለነበር ነፋሱ የስልክ እንጨት ይጥል ነበር" ብዬ መልሼላችኋለሁ። ከሰፈር ሰው የሰማሁትን ሳላጣራ ደገምኩት። ብሶ ደግሞ ፈተና ላይ ቦነስ አድርጌ አወጣሁት!

ነገሩ እንዲህ ነው። "ስልክ" ከዐረብኛ የመጣ ቃል ነው፤ ትርጉሙ ሽቦ። በምኒልክ ዘመን ስልክ ሲገባ ሰው ያየው እንጨትና ሽቦ ነበር። ኋላ ግን ከከተማው ወጣ ብሎ፣ በአቃቂ መንገድ በኩል፣ ሽቦ የማይዘረጋለት የሬዲዮ ጣቢያ ተተከለ። ታዲያ ወሬው በምን ይመጣል? በነፋስ ነዋ! ፈረንጅ "ሽቦ አልባ" ያለውን የኛ ሰው "ነፋስ ስልክ" አለው። በበኩሌ የኛው ይበልጣል ባይ ነኝ።

ዘመኑም ቀላል አልነበረም። በ1928 ዓ.ም አዲስ ዓመት በገባ በማግስቱ፣ መስከረም 2፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እስከ አሜሪካ የተሰማ ንግግር በሬዲዮ አደረጉ። ሃያ ቀን ቆይቶ መስከረም 22 የጣሊያን ጦር መረብን ተሻገረ። ሚያዝያ 27 አዲስ አበባ ገባ። ዛሬ ታክሲ ረዳቱ "ነፋስ ስልክ ወራጅ አለ?" ሲል ይሄ ትዝ ይለኛል።

ላፍቶስ? እሱን ያስተማረችኝ ተማሪዬ ናት። የክፍለ ከተማችንን ስም ሰሌዳ ላይ ስጽፍ "ቲቸር፣ ላፍቶ እኮ በኦሮምኛ ግራር ነው፤ አያቴ ናቸው የነገሩኝ" አለችኝ።

"መካኒሳስ?" አልኳት።

"ብሳና!"

ክፍሉ ሳቀ። እኔ አፈርኩ። መካኒሳን ስንት ዓመት ሳልፍበት የዛፍ ስም መሆኑን አላውቅም ነበር።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም ስትቆረቆር ይህ አካባቢ የኦሮሞ ገበሬዎች እርሻና ግጦሽ ነበር። ሰዎቹ አገራቸውን የሚጠሩት በሚያዩት ዛፍ ነው። ከተማዋ ግን ዳር ይሁንልኝ ያለችውን ሁሉ ወደዚህ ገፋችው፦ ቄራውን፣ ፋብሪካውን፣ የሬዲዮ ጣቢያውን። ጎፋ ከጎፋ የመጡ ወታደሮች የሰፈሩበት ነው። ሳር ቤት ስሙ ራሱ ይናገራል፤ ዛሬ ግን የሳር ክዳን ብትፈልጉ ፎቅ ነው የምታገኙት። ክፍለ ከተማው ሲዋቀር ደግሞ አንቴናውና ግራሩ በአንድ ስም ተሰፉ። ከነጋዴና ከሹም ስም ይልቅ ይሄ ያምራል።

አሁንማ ሰፈር የምንጠራው በቁጥር ሆኗል፤ ጀሞ 1፣ ጀሞ 2፣ ጀሞ 3። (አውቃለሁ፣ ቤት ለደረሰው ሰው ይሄ ቅንጦት ነው፤ እኔም ቢደርሰኝ ዝም እል ነበር።) ግን የላፍቶን ትርጉም የሚያውቁት አያቶች እያለቁ ነው። ዘንድሮ ለተማሪዎቼ የሰጠኋቸው የቤት ሥራ አንድ ብቻ ነው፦ በሰፈራችሁ ትልቁን ሰው ጠይቁ፣ በነገሯችሁ ቋንቋ ጻፉት። እናንተም ቤት ካሉ ጠይቁልኝ፣ ኮሜንት ላይ አስቀምጡት።

በመጨረሻ፣ ያኔ ለቦነስ ጥያቄው "ሽቦ የሌለው ስልክ ማለት ነው" ብለህ የመለስክ ልጅ ነበርክ። ኤክስ አድርጌብሃለሁ። ይህን ካነበብክ ኢንቦክስ አድርገኝ፤ 2 ማርክ አለብኝ።