ከተሞችን የወለደ ሀዲድ

ከባቱ ተነሥቶ በመቂና በሞጆ በኩል ወደ አዳማ፣ ከአዳማም በወለንጪቲና በመተሐራ አልፎ ወደ አዋሽ ሰባት የሚወርድ መንገደኛ፣ አንድ ጊዜ በቀኙ አንድ ጊዜም በግራው እየታየ፣ አንዳንድ ስፍራ ላይ በአፈርና በግራር ቁጥቋጦ ተውጦ ከጠፋ በኋላ ተመልሶ ብቅ የሚል አንድ የብረት መስመር ያያል፤ ይኸውም የአሮጌው ምድር ባቡር ሀዲድ ነው። እኔ ግን ተወልጄ ያደግሁት ሀዲድ ባልደረሰባት በባቱ፣ በሐይቁ ዳር ስለ ሆነ፣ በልጅነቴ፣ ያን ጊዜ ናዝሬት ትባል ወደ ነበረችው ወደ አዳማ በሄድኩ ጊዜ በዓይኔ ያየሁት ባቡር እስከ ዛሬ ከልቤ አልወጣም፤ ስለዚህም የተዘጋ ጣቢያ ባየሁ ቁጥር፣ ከቤተ ዘመድ አንዱ ያለ ተዝካር እንደ ተቀበረ ያህል ያሳዝነኛል።

ከእነዚህ ጣቢያዎች ሁሉ ይልቅ ኅሊናዬን የሚይዘው የአዋሽ ጣቢያ ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ባቡሩ በሌሊት አይጓዝም ነበርና፣ ከጂቡቲ ተነሥቶ ወደ አዲስ አበባ የሚመጣ መንገደኛ ሦስት ቀን በሚፈጅ ጉዞው አንዱን ሌሊት በድሬዳዋ፣ ሁለተኛውን በአዋሽ ያሳልፍ ነበር። ሎሌና ጌታ፣ ነጋዴና መልእክተኛ፣ የውጭ አገር ሰውና ባላገር በአንድ በረሓ ላይ፣ በአንድ ሰማይ ሥር፣ ነገ ጧት የሚያፏጨውን ባቡር እየጠበቁ አደሩ። ከዚያ በፊት የሲራራ ነጋዴ ከሸዋ ወደ ባሕሩ ዳርቻ ለመድረስ በበቅሎና በግመል ከአንድ ወር በላይ ይጓዝ እንደ ነበረ ያስታወሰ ሰው፣ ሦስት ቀን የሚለው ቃል በዚያ ዘመን ጆሮ ውስጥ እንዴት ያለ ተአምር ሆኖ ይሰማ እንደ ነበረ አይስተውም።

የነገሩ ጥንት እንዲህ ነው። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. የባቡር ሐዲድ መሥሪያ ፈቃድ ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ ሰጡ፤ ኢልግም ከፈረንሳዊው ከሌዎን ሸፍኖ ጋር ሆኖ ኩባንያ አቋቋመ። ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጂቡቲ ተጀምሮ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ሲደርስ፣ ሀዲዱ ወደ ሐረር ተራራ ሳይወጣ በሜዳው ላይ ስለ ቆመ፣ በዚያው በሜዳው ላይ አዲስ ከተማ ተፈጠረ። የኩባንያው ገንዘብ አልቆ ሥራው ለጥቂት ዓመታት ከቆመ በኋላ የፈረንሳይና የኢትዮጵያ የምድር ባቡር ኩባንያ ተተክቶ እንደ ገና ገፋበት፤ ንጉሠ ነገሥቱ ግን ፈቃዱን የሰጡለትን ሥራ ፍጻሜ ሳያዩ በ1906 ዓ.ም. ዐረፉ፣ ባቡሩም አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ሀዲዱ በጠቅላላው 784 ኪሎ ሜትር ሲረዝም፣ በሁለቱ የብረት መስመሮች መካከል ያለው ስፋት አንድ ሜትር ብቻ ነበረ፤ በዚህ ጠባብ መንገድ ላይ ነው እንግዲህ ባቡሩ ከአዋሽ ቆላ እስከ መዲናይቱ ደጋ ድረስ ከ1,300 ሜትር በላይ ሲወጣ የኖረው።

አገር የሚሠራው በሰው ብቻ አይደለም፤ መንገድም አገር ይሠራል። ባቡሩ ውኃ የሚሞላበትና ጭነት የሚያራግፍበት ስፍራ ሁሉ ሰው ሰበሰበ፤ ሰውም በተሰበሰበበት ገበያ ቆመ፣ ከገበያው አጠገብም ጠጅ ቤትና ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድና ትምህርት ቤት በየተራቸው ተተከሉ። ሞጆ በዚህ መንገድ ገነነች። በኋላ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ የወንጌሉን ከተማ ስም አውጥተው ናዝሬት ያሏት፣ በ1992 ዓ.ም. ደግሞ የጥንት ስሟን አዳማን መልሳ የያዘችው ከተማም ያደገችው በሀዲዱ ዳር ነው። ከ1946 ዓ.ም. ጀምሮ የወንጂ ስኳር ሲመረት፣ የአርሲ እህልና የሐይቆቹ አካባቢ ምርት ወደ መካከሉ አገር ሲጎርፍ፣ ናዝሬት የመንገዶች ሁሉ መገናኛ ሆነች፤ የፉጨቱም ድምፅ ለከተማው ሰው እንደ ደወል ሆኖ ሰዓት ይነግረው ነበር።

ይሁንና ያው መንገድ የኀዘን መንገድም ነበረ። ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ዐፄ ኃይለ ሥላሴ መናገሻቸውን ለቅቀው በዚሁ ሀዲድ ወደ ጂቡቲ ወረዱ። በጥር 1977 ዓ.ም. ደግሞ ከድሬዳዋ ይመጣ የነበረ የመንገደኞች ባቡር በአዋሽ አጠገብ በጠመዝማዛው ድልድይ ላይ ፍጥነቱን ሳይቀንስ ሲያልፍ ፉርጎዎቹ ከሀዲዱ ወጥተው ወደ ገደሉ ወደቁ፤ አራት መቶ ያህል ነፍሳት አለቁ። ዓለምም ከአፍሪካ የባቡር አደጋዎች ሁሉ የከፋ ሲል መዘገበው። እንግዲህ የአዋሽን ጣቢያ ስንመለከት፣ የተሳፋሪን ደስታ ብቻ ሳይሆን፣ ዘመዱን ለመቀበል ወጥቶ ዕንባ ይዞ የተመለሰውንም ሰው ማሰብ ይገባናል።

ጣቢያዎቹ ለምን ተዘጉ? በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. የነበረው ጦርነት ድልድዮቹን ጎዳ፤ ሀዲዱ አረጀ፣ የመለዋወጫ ዕቃ ጠፋ፤ ከባድ የጭነት መኪናም ሸቀጡን ከፉርጎው ላይ ወሰደበት። በመተሐራ አጠገብ የበሰቃ ሐይቅ ከዓመት ወደ ዓመት እየሰፋ የመኪናውንም የባቡሩንም መንገድ ተጋፋ። በመጨረሻ በ2000 ዓ.ም. ገደማ ከአዲስ አበባ እስከ ድሬዳዋ ያለው ጉዞ ቆመ። መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. የተመረቀውና በኤሌክትሪክ የሚጓዘው አዲሱ ባቡር ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ በሚረዝም ሰፊ ሀዲድ መጣ፤ ጣቢያዎቹ ግን ከከተሞቹ ርቀው በሜዳ ላይ ተሠሩ። ባቡሩ የከተማ ልብ መሆኑ ቀርቶ ከከተማ ውጭ የሚያልፍ እንግዳ ሆነ፤ በመካከሉ የቀሩት አሮጌዎቹ ጣቢያዎችም ያለ አለቃና ያለ መንገደኛ ቆሙ።

አዋሽ ላይ ሁለት ዘመናት ይገናኛሉ። ከዚያው ከአዋሽ ተነሥቶ በኮምቦልቻ በኩል እስከ ሐራ ገበያ የሚወጣ 392 ኪሎ ሜትር የሚደርስ አዲስ የባቡር መንገድ፣ ያፒ መርከዚ በሚባል የቱርክ ተቋራጭ እጅ የተሠራ፣ የወሎን ተራሮች በአሥራ ሁለት ዋሻዎች ሰንጥቆ አለ። ተራራ ተፈልፍሎ፣ ሲሚንቶ ተለብጦ፣ ሀዲድም ተዘርግቶባቸው ሳለ፣ በኤሌክትሪክ ኃይል እጦትና በኋላ በደረሰው ጦርነት የተነሣ እነዚያ ዋሻዎች መንገደኛ ሳያልፍባቸው ለዓመታት ቆዩ። በዚያ መሥመር መነሻ ላይ፣ በአዋሽ፣ ሥራውን የጨረሰ ጣቢያ ቆሟል፤ በመንገዱ ላይም ሥራቸውን ያልጀመሩ ዋሻዎች ይጠብቃሉ። አንዱ የሚነግረን ያለፈውን ሳንዘክር መተዋችንን፣ ሌላው የጀመርነውን ሳንፈጽም መዘግየታችንን ነው፤ ጥፋቱ ግን አንድ ነው፣ እሱም በብዙ ድካም የተሠራውን ነገር እንደ ቀላል ማየት ነው።

ስለ ባቱም እንዲሁ ነው። በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ከናዝሬት ተነሥቶ በስምጥ ሸለቆው በኩል እስከ ዲላ የሚደርስ ሀዲድ ታቅዶ ነበረ፤ ግን ከወረቀት አልወጣም። ስለዚህ በሐይቁ ዳር የኖርን ሰዎች የጣቢያን ዋጋ እናውቀዋለን፤ ያለው ሰው የማያየውን፣ የጎደለው ሰው ያያልና። ለከተሞቻቸው የባቡር ጣቢያ የተቸራቸው ወንድሞቻችን፣ ያ ቤት ከፈረሰ የትውልዳቸው መዝገብ እንደሚቀደድ እንዲያስተውሉ የምለምነው ስለዚህ ነው።

በባቱ ሐይቅ ላይ ካሉት ደሴቶች በአንዱ፣ በቱሉ ጉዶ፣ ደብረ ጽዮን የተባለች ገዳም አለች፤ በዮዲት ጉዲት ዘመን ታቦተ ጽዮን ወደዚያ ተወስዶ እንደ ተሰወረ ትውፊት ይነግረናል። አባቶች የብራና መጻሕፍቱን ከእሳትና ከውኃ ለዘመናት ጠብቀው አቆይተውልናል፤ ጦር አልነበራቸውም፣ በጀትም አልነበራቸውም፤ የነበራቸው ይህ የእኛ ነው የሚል እምነት ነው። የአሮጌው ጣቢያ ግንብም ከብራናው ያልተናነሰ መጽሐፍ ነው፤ ፊደሉ ድንጋይና ብረት ስለ ሆነ ብቻ አላነበብነውም። ድሬዳዋ አሮጌዎቹን ባቡሮችና የጥገና ሠራተኞቿን ጥበብ አክብራ ስለያዘች ከተማይቱን ለማየት የሚሄድ ሰው ዛሬም ታሪኳን በዓይኑ ያያል፤ አዳማና አዋሽስ ስለምን ይህን አያደርጉም? የጣቢያውን ቤት በቅርስነት መዝግቦ፣ ጣሪያውን አድሶ፣ በዚያ የሠሩትን አሮጌ ሠራተኞች በሕይወት ሳሉ ቃላቸውን ተቀብሎ በጽሑፍ ማኖር ከባድ ወጪ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ፈቃደ ልብ ነው።

ባለፈው ወደ አዋሽ በወረድሁ ጊዜ፣ በጣቢያው አጥር አጠገብ አንድ ሕፃን በሀዲዱ ላይ ሚዛኑን እየጠበቀ አንድ እግሩን በሌላው ፊት እያስቀደመ ሲሄድ አየሁት። ሀዲዱ ከየት ተነሥቶ ወዴት እንደሚሄድ ጠየቅሁት፤ በእጁ ወደ ምሥራቅ አመለከተና ዝም አለ። የሚመልሰውን መልስ ማዘጋጀት ለእኛ ለታላላቆቹ የቀረ ዕዳ ነው።