የማን ድልድይ?

በጎጃም መንገድ ከአዲስ አበባ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ሲኬድ፣ ከደብረ ሊባኖስ ገዳም አጠገብ፣ ከገደሉ አፋፍ ላይ አንድ የድንጋይ ድልድይ አለ። ሁላችንም «የፖርቹጊዝ ድልድይ» እንለዋለን። ፖርቹጊዝ ግን አልሠራውም። ያሠሩት የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ልጅ፣ የዳግማዊ ምኒልክ አጎት፣ የሰላሌው ገዥ ራስ ዳርጌ ናቸው። እሳቸውም ያረፉት በ1892 ዓ.ም. ነው።

እስቲ ነገሩን እንመርምረው። በክሪስቶቮ ዳ ጋማ የተመሩት 400 ያህል የፖርቹጋል ወታደሮች ምጽዋ የወረዱት በ1533 ዓ.ም. ነው። ደብረ ሊባኖስ ግን ከዚያ አሥር ዓመት ቀድሞ፣ በ1523፣ በግራኝ ጦር ተቃጥሏል። ብዙም ሳይቆይ ሰላሌ ከነገሥታቱ እጅ ወጣ። በጎንደር ዘመን ድልድይ የተሠራው ቤተ መንግሥቱ በሚመላለስበት አገር ነው፤ የዓባዩ አላታ ድልድይ ምስክር ነው። ታዲያ ያ ፖርቹጋል ማን አዞት፣ ማንስ ቀልቦት ነው ሰላሌ ላይ ኖራ ሲያቦካ የከረመው?

ኖራውም የራሱ ተረት አለው፤ በሰጎን እንቁላል ተቦካ ይባላል። ሰጎን ከቆላ እንጂ ከሰላሌ ደጋ አትገኝም። ይሁንና የእንቁላል ቅርፊት ሲቃጠል ኖራ እንደሚሆን የኬሚስትሪ ጓደኞቻችን ይነግሩናል፤ እንግዲህ ተረቱም ጨርሶ ከሜዳ የመጣ አይደለም።

ከድልድዩ ሥር የሚወርደው ውሃ መድረሻው ጀማ ነው። ከጀማ ማዶ መርሐቤቴ ነው። ከመንዝ የሚወርዱት አዳባይና ወንጪትም እዚሁ ጀማ ይገባሉ። እነሱን ተከትለን ሽቅብ ብንወጣ ያው የስም ጣጣ ይጠብቀናል። መንዝ ውስጥ እንደ መሻለ ማርያም ባሉ ቦታዎች ትልልቅ የድንጋይ ክምሮች አሉ፤ መቃብሮች ናቸው። ፎቬልና ፖዋሶኒዬ የሚባሉ ፈረንሳውያን ቆፍረው በ2012 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) ባሳተሙት መጽሐፍ «የሻይ ባህል» ብለውታል። ዘመኑ ከ10ኛው እስከ 14ኛው ምዕተ ዓመት ነው። ሙታኑ ክርስቲያንም እስላምም አልነበሩም፤ ግን ከሩቅ አገር የመጣ የብርጭቆ ዶቃ፣ አምባርና ያማረ ሸክላ ይዘው ተቀብረዋል። ንግዱ ደርሷቸዋል ማለት ነው፤ «የተዘጋ ደጋ» የምንለው መንዝ ያኔ አልተዘጋም ነበር። እኛ ስለ መንዝ ታሪክ ስንማር ግን ከነገሥታቱ ነው የምንጀምረው። በሶዶም ጢያ የቆሙትን ትክል ድንጋዮች ሰው «የግራኝ ድንጋይ» ይላቸዋል፤ ግራኝ ከመወለዱ በፊት የቆሙ ናቸው።

ድልድዩን ለራስ ዳርጌ መለስንላቸው እንበል። ራስ ዳርጌ መቼም ድንጋይ አልተሸከሙም። ቅስት ሲሠራ በመጀመሪያ የእንጨት ድጋፍ ይቆማል፤ በላዩ ጥርብ ድንጋይ ከግራና ከቀኝ ይደረደራል፤ የመካከለኛው ድንጋይ ሲገባ ብቻ ነው እንጨቱ የሚነሳው። ያን እንጨት ያነሳው ሰው ልቡ ሳይመታ አልቀረም። ዛሬም ገበሬው ከነከብቱ በዚያ ላይ ይሻገራል። የጠራቢውን ስም ከሽማግሌዎች ጠይቆ የሚጽፍ ከመካከላችን ካለ፣ ፍቼ ሩቅ አይደለም፤ አውቶቡስም አለ።