«ከእናቷ ዘር ነው» የሚባለው ከየት መጣ?

ድሬዳዋ ላይ አንድ ልጅ ዳውን ሲንድረም ይዞ ሲወለድ ጎረቤት «የፈጣሪ ሥራ ነው» ብሎ ያልፈዋል። ሁለተኛው ሲደገም ግን ወሬው ይቀየራል። ጣት እናትየው ላይ ይቀሰራል፤ እርግማን ነው ይባላል፣ ከዘሯ ነው ይባላል፣ ትዳርም ይፈርሳል።

እውነቱን ለመናገር ሳይንሱም ቢሆን ለረጅም ጊዜ ያየው እናትን ብቻ ነበር። እንግሊዛዊው ፔንሮዝ እ.ኤ.አ. በ1933 የእናት ዕድሜ ሲገፋ ዕድሉ እንደሚጨምር አሳየ። ትክክል ነው። ግን ገና በወጣትነቷ ሁለት የተጎዱ ልጆች የወለደችውስ?

የሰው ክሮሞዞም 46 መሆኑ የታወቀው በ1956 ነው። በ1959 ፓሪስ ላይ ለዠን፣ ጎቲዬና ቱርፓን 47ኛውን፣ ማለትም ትርፉን 21ኛ ክሮሞዞም አገኙ (የላብራቶሪውን ሥራ የሠራችው ጎቲዬ ብትሆንም ዝናው ለለዠን ሄደ)። በዓመቱ ለንደን ውስጥ ፖላኒና ባልደረቦቹ ከወጣት እናት የተወለደች ልጅ መረመሩ። ዳውን ሲንድረም አለባት፤ ክሮሞዞሟ ግን 46!

የባቡር ከተማ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። አንዱ ፉርጎ ከራሱ ባቡር ተፈትቶ ሌላ ባቡር ላይ ተቀጥሏል። ወላጅ ላይ ጭነቱ ሙሉ ስለሆነ ጤነኛ ነው፤ ምንም አይታወቅበትም። ለልጅ ሲከፋፈል ነው ትርፍ ፉርጎ የሚሄደው። 21ኛው ከ14ኛው ጋር የተጣበቀባት እናት በየእርግዝናው ከ10 እስከ 15 በመቶ ስጋት አለባት፤ አባት ከሆነ ስጋቱ ከ3 በመቶ በታች ነው፣ ግን ዜሮ አይደለም። ሁለቱ 21ኛዎች እርስ በርስ ከተጣበቁ ደግሞ፣ ተሸካሚው አባትም ይሁን እናት፣ በሕይወት የሚወለዱት ልጆች በሙሉ ዳውን ሲንድረም ይኖራቸዋል።

ከዚህም የረቀቀ አለ። በ1961 ከፊል ሴሎቹ ጤነኛ፣ ከፊሎቹ ባለ 47 የሆኑ ልጅ ተገኘ፤ ሞዛይክ ተባለ። ይህ መደባለቅ በወላጅ እንቁላል ወይም ዘር ውስጥ ብቻ ተደብቆ ሲኖር የደም ምርመራ ንጹሕ ሆኖ ሳለ ወንድምና እህት ሊጎዱ ይችላሉ።

በርግጥ በውርስ የሚመጣው ጥቂቱ ነው፤ 95 በመቶው ገደማ ድንገተኛ ነው። ለዚህም ነው ሁለተኛ ልጅ በተደገመበት ቤት ምርመራው የሚያስፈልገው። ሦስተኛው ሳይረገዝ፣ ከክንድ ጥቂት ደም፤ ከእናትም ከአባትም።