ቅዳሜ በዳይኩ ላይ

ወደ ዋገኒንገን የሚመጣ ኢትዮጵያዊ አብዛኛውን ጊዜ ለትምህርት ነው የሚመጣው። ዩኒቨርሲቲው በግብርና ስሙ የገነነ ስለሆነ ከሐረማያም፣ ከሐዋሳም፣ ከባሕር ዳርም ሰው አይጠፋበትም። ሁሉም እግሩ እንደረገጠ አሮጌ ሳይክል ይገዛል። እኔም ገዛሁ። የባሕር ዳር ልጅ ነኝና ሳይክል ብርቄ አልነበረም፤ ዘንባባ በተሰለፈበት ሜዳማ ጎዳና ስመላለስበት ያደግሁት ነው። የገረመኝ ሌላ ነበር፦ ሰው ሥራ ሳይጠራው፣ ትምህርት ሳይኖርበት፣ በታኅሣሥ ብርድ በገዛ ፈቃዱ ሳይክሉን ይዞ ወደ ገጠር መውጣቱ።

ይህ ልማድ ዛሬ የእኛም ሆኗል። ብዙዎች ስፖርት ወዳድ ስለሆንን ይመስላቸዋል፤ አይደለም። ወደ እኛ የገባው በጥየቃ በኩል ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እዚህ አገር የጥገኝነት ጥያቄው ተቀባይነት ያገኘ ሰው የሚኖርበትን ከተማ እንዳሻው አይመርጥም። መንግሥት በየስድስት ወሩ ለእያንዳንዱ ማዘጋጃ ቤት በሕዝቡ ብዛት ልክ ኮታ ይመድባል፤ ማዘጋጃ ቤቱም ለተመደቡለት ሰዎች ቤት መፈለግ ግዴታው ነው። ቤት ደግሞ በተገኘበት ነው። ስለዚህ አምስተርዳምን ወይም ሮተርዳምን ሲያልም የከረመ ወጣት አንድ ቀን ቁልፍ ተቀብሎ ራሱን በፖም እርሻ መካከል፣ ቅዳሜ አውቶቡስ እንደ ልብ በማይገኝባት መንደር ውስጥ ያገኘዋል። በበጋው ግድ የለም፤ ቀኑ ረጅም ነው፣ ጎረቤትም ደጅ ይወጣል። በክረምቱ ግን በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል ሲል ጀምበር ትጠልቃለች፣ መጋረጃው ይዘጋል፣ ሰው የለም። እንዲህ ያለውን ልጅ በስልክ "አይዞህ" ማለት ቀላል ነው። ሄዶ በሩን ማንኳኳት ግን መጓጓዣ ይፈልጋል፤ ያለን መጓጓዣ ደግሞ ሳይክል ነው።

መጀመሪያ ሁለት ሦስት ሆነን ነበር የምንወጣው። ቀስ በቀስ ተጠያቂዎቹ ራሳቸው ጠያቂ ሆኑና ሰልፉ ረዘመ። ከእነሱ ውስጥ ሳይክል ነድተው የማያውቁ ነበሩ፤ የሚያውቁትንም ቢሆን የደች ሳይክል መጀመሪያ ይጥላቸዋል። ምክንያቱ ፍሬኑ ነው። አገር ቤት በምንነዳው ሳይክል እግራችን ሲደክም ፔዳሉን ወደ ኋላ እያሽከረከርን እንዝናናለን፤ ምንም አይሆንም። እዚህ ግን በብዙዎቹ አሮጌ ሳይክሎች ፔዳሉን ወደ ኋላ መርገጥ ማለት ፍሬን መያዝ ነው። የኋላው ጎማ ቀጥ ይላል፣ መንገዱ እርጥብ ከሆነ ይንሸራተታል፣ ልጁ ሣሩ ላይ ነው። ተነስቶ ልብሱን እያራገፈ መሪው ላይ የፍሬን እጀታ ይፈልጋል። የለም። እግሩ የድሮውን ልማድ እስኪረሳ ብዙ ሣር ይቀምሳል።

ቋንቋ ያልገባው ሰው እንዴት መንገድ ያገኛል? በቁጥር። በየመገናኛው ላይ ቁጥር የተጻፈበት ምልክት ቆሟል፤ ከ12 ወደ 47፣ ከ47 ወደ 31 እያሉ መሄድ ነው። ይህን ዘዴ ያሰበው ሁጎ ቦለን የተባለ የቤልጅየም የማዕድን ማውጫ መሐንዲስ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1995 በቤልጅየሟ ሊምበርግ ተጀመረ፣ ከዚያ ኔዘርላንድስን አዳረሰ። መጪው እንግዳ የመንደሩን ስም መጥራት ባይሆንለትም ቁጥሮቹን በቁራጭ ወረቀት ጽፎ ኪሱ ከከተተ አይጠፋም። ለእኛ የጠቀመንን ያህል ለቱሪስት የጠቀመ አይመስለኝም።

የምወደው መንገድ ከዋገኒንገን ወደ ሌክስከስፌር የሚወስደው ነው። እዚያ ኔደር ራይንን በጀልባ እንሻገራለን፤ ሳይክላችንን እንደያዝን፣ ከመኪናዎቹ ጎን ቆመን። ማዶ ራንድዋይክ ነው። ከዚያ በዳይኩ አናት ላይ ወደ ምዕራብ። ዳይክ ማለት ወንዙን ከመንደሩ የሚለይ ረጅም የአፈር ግድብ ነው፤ አናቱ ላይ ቀጭን አስፋልት አለ። በስተ ቀኝ ወንዙ፣ በስተ ግራ ከወንዙ ዝቅ ብለው የተቀመጡ ቤቶች። ክረምት ላይ ወንዙ ሲሞላ የዳር መስኩን ይውጠዋል፤ የአጥር እንጨቶች አናት ብቻ ከውሃው ብቅ ብሎ ይታያል፣ ዝይ በሺ ይሰፍርበታል። አገሬው ይህን ውሃ እንደ ቀላል አያየውም። እ.ኤ.አ. በ1995 መጀመሪያ ላይ ዳይኮቹ እንዳይናዱ ተፈርቶ በዚህ በወንዞቹ አካባቢ ወደ 250,000 ሰው ከነከብቱ ቤቱን ለቅቆ እንዲወጣ ተደርጓል።

ብርዱን ሰው ያጋንነዋል። ጠላቱ ነፋሱ ነው። ዳይኩ ላይ መከለያ ዛፍ የለም፤ ከፊት የመጣ ነፋስ ሜዳውን ዳገት ያደርገዋል። ስለዚህ አንድ ሕግ አለን፦ ስንሄድ ነፋሱን ፊት ለፊት እንጋፈጣለን፣ ስንመለስ ከኋላ ይገፋናል። አዲስ ሰው ሁልጊዜ ተቃራኒውን ይመርጣል። በረዶ ሲጋገር ትልልቆቹ የሳይክል መንገዶች ጨው ይረጫቸዋል፤ የገጠሩ ቀጫጭን መንገድ ግን የሚያስታውሰው የለም። እዚያ ላይ መዞሪያ ስትደርስ ወርደህ በእግርህ ግፋ። ጀግንነት አያስፈልግም።

ኦፕሆይስደን ስንደርስ ሰው ሁሉ ፎቶ ያነሳል። መንደሯ በችግኝ የታወቀች ናት፤ በየአውሮፓ ከተማው ጎዳና ዳር ከሚቆመው ዛፍ ከዚህ አካባቢ የሄደ ብዙ አለ። ክረምት ደግሞ ዛፍ የሚነቀልበት ወቅት ነው፤ ቅጠሉ ረግፎ ሲተኛ ከነሥሩ ተነስቶ፣ ሥሩ ከነአፈሩ በጆንያ ተጠቅልሎ በመኪና ይጫናል። ከእኛ መካከል በግብርና የተመረቁት እዚያ ቆመው መከራከር ይወዳሉ፤ ብርድ የሚይዘን በዚያን ጊዜ ነው። እሁድ ግን በዚህ አናልፍም። ሕዝቡ ጥብቅ ካልቪናዊ ነው፤ ሱቁ ዝግ፣ ሰዉ ጥቁር ለብሶ፣ ሴቶቹ ባርኔጣ አድርገው ወደ ቤተ ክርስቲያን። ይህን ለመረዳት እኛ አስተርጓሚ አላስፈለገንም። የእኛም እሁድ የቅዳሴ ነው፤ ለዚህም ነው ጉዞው ቅዳሜ የሆነው።

አስቸጋሪው ምግቡ ነበር። ደቾች በክረምት ጉዞ መሃል መንደር ቡና ቤት ገብተው የአተር ክክ ሾርባ ይጠጣሉ። ይጠጣሉ አልኩ እንጂ ወፍራም ነው፤ ማንኪያ ካላቆመ ሾርባ አይሉትም። ሽታው ክክ ወጥ ያለበት ቤት የገባህ ያስመስልሃል። ታዲያ ውስጡ የአሳማ ሥጋና ቋሊማ አለበት። ኦርቶዶክሱ አይበላም፣ ሙስሊሙ አይበላም፤ በዚያ ላይ ከኅዳር 15 ጀምሮ ጾመ ነቢያት ነው፣ የፖም ኬኩም ቅቤና እንቁላል አለው። ስለዚህ የራሳችንን መያዝ ጀመርን፦ ቅርንፉድና ቀረፋ የገባበት ሻይ በፔርሙስ፣ በሶ፣ ዳቦ። ቆሎም እንይዛለን፤ በጓንት አይበላም፣ ጓንት ሲወልቅ ጣት ይደርቃል፣ ግን ማንም ማስቀረት አልቻለም። ቡናው የሚፈላው በተጠያቂው ቤት ነው፤ ሳይክሎቹ ደጃፉ ላይ ተደራርበው ሲቆሙ ጎረቤት በመስኮት ብቅ ይላል፣ ደፋሩም ገብቶ ይቀመጣል። አንዳንዱ ደች ጎረቤት ከተጠያቂው ጋር የተዋወቀው በእኛ ሳይክል ክምር ምክንያት ነው።

ሲያዩዋቸው ሳይክል በእነዚህ ሰዎች ደም ውስጥ ያለ ይመስላል። ግን እነሱም ሊያጡት ተቃርበው ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አገሩ ፊቱን ወደ መኪና አዞረ፤ እ.ኤ.አ. በ1971 ብቻ ከ3,000 በላይ ሰው በትራፊክ አደጋ ሞተ፣ ከእነሱም ከ400 በላይ ሕፃናት ነበሩ። ወላጆች አደባባይ ወጡ። እ.ኤ.አ. በ1973 የነዳጅ ችግር ሲመጣ እሁድ መኪና ተከለከለ፣ ሰው ባዶውን አውራ ጎዳና አየ። ዛሬ 18 ሚሊዮን ለሚሆን ሕዝብ 23 ሚሊዮን ያህል ሳይክል ያለው ከዚያ ሁሉ ሙግት በኋላ ነው።

መመለሻችን በሬነን ድልድይ፣ ከዚያ በግሬበበርግ ነው። 50 ሜትር ገደማ ከፍታ ያላትን ይህችን ጉብታ አገሬው ተራራ ይላታል። የሰሜን ሸዋ ልጆች ስቀው አይጠግቡም፤ ነገር ግን በደከመ ጉልበት እሷም አትናቅም።

አሁን በመካከላችን ጠብ ያስነሳው ኤሌክትሪኩ ሳይክል ነው። እዚህ አገር ከሚሸጠው አዲስ ሳይክል ግማሽ ያህሉ ባትሪ ያለው ሆኗል፤ ከእኛም ስልሳ ዓመት ያለፋቸው አንዲት እትዬ ገዙ። ጎረምሶቹ "ይሄ ማጭበርበር ነው፣ እትዬ" ይሏቸዋል። እሳቸው መልስ አይሰጡም፤ ነጠላቸውን ከካፖርታቸው ሥር አጥብቀው ዳይኩ ላይ ብን ይላሉ። እኛ ነፋሱን ስንታገል ቆይተን ስንደርስ ረከቦቱ ተዘርግቷል፣ እሳቸው ስኒ ይዘው ተቀምጠዋል።

"ኑ ግቡ" ይሉናል። "አቦሉ አምልጧችኋል፤ ቶና ላይ ነን።"