የሙከራ ጊዜ ቅጥር

አንድ ሠራተኛ ሊመደብበት ለታሰበው ሥራ ተስማሚ መሆኑን ለመመዘን ሲባል ለሙከራ ጊዜ ሊቀጠር እንደሚችል የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 11 ይደነግጋል። ሠራተኛውም በበኩሉ ሥራውንና የሥራ ቦታውን የሚመዝንበት ጊዜ ነው።

የሙከራ ጊዜ የሚኖረው ተዋዋዮቹ በጽሑፍ ሲስማሙ ነው። የሥራ ውል በቃልም ሊደረግ ስለሚችል የሙከራ ጊዜም በቃል የሚወሰን የሚመስላቸው ጥቂት አይደሉም፤ ሕጉ ግን ጽሑፍን ይጠይቃል። ስለሆነም ተቀጣሪው ውሉን ከመፈረሙ በፊት ይህን የሚመለከተውን ክፍል ማንበብና አንድ ቅጂ ለራሱ ማስቀረት ይኖርበታል። ቀደም ሲል ለዚያው አሠሪ በዚያው ሥራ ላይ የሠራ ሰው እንደገና ሲቀጠር ለሙከራ አይቀጠርም።

የሙከራው ጊዜ ሥራ ከተጀመረበት ቀን አንስቶ ከ60 የሥራ ቀናት ሊበልጥ አይችልም። በተሻረው አዋጅ ቁጥር 377/1996 ጣሪያው 45 ተከታታይ ቀናት ነበር። አሁን የሳምንት ዕረፍትና የሕዝብ በዓላት ስለማይቆጠሩ፣ በሳምንት 6 ቀን ለሚሠራ ሰው ጊዜው እስከ 10 ሳምንት፣ በዓላት ካሉም ከዚያ በላይ ሊደርስ ይችላል። ቀኑን መዝግቦ መያዝ ይጠቅማል።

ሕግ፣ የሥራ ደንብ ወይም የኅብረት ስምምነት በሌላ ሁኔታ ካልወሰነ በቀር፣ በሙከራ ላይ ያለ ሠራተኛ ሙከራውን ከጨረሰ ሠራተኛ ጋር እኩል መብትና ግዴታ አለው። «ገና ሙከራ ላይ ነው» በሚል ምክንያት የሠራበትን ደመወዝ መከልከል አይቻልም።

ዋናው ልዩነት የሚታየው በስንብት ጊዜ ነው። ሠራተኛው ለሥራው ተስማሚ ሆኖ ካልተገኘ አሠሪው ያለ ማስጠንቀቂያ፣ የሥራ ስንብት ክፍያም ሆነ ካሳ ሳይከፍል ውሉን ሊያቋርጥ ይችላል። ሠራተኛውም ያለ ማስጠንቀቂያ ሥራውን መልቀቅ ይችላል፤ ሙከራውን ከጨረሰ በኋላ ቢሆን ግን የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ መስጠት ይጠበቅበታል።

የሙከራው ጊዜ አልቆ ሠራተኛው ሥራውን ከቀጠለ ውሉ ከሙከራው የመጀመሪያ ቀን ጀምሮ እንደተደረገ ይቆጠራል። አገልግሎቱም ከዚያው ቀን ስለሚታሰብ፣ አንድ ዓመት ሲሞላ የሚገኘው የ16 የሥራ ቀናት የዓመት ፈቃድ ሲሰላ የሙከራው ወራት አይቀነሱም።

ውሉ ከሕግ ውጭ ተቋርጦብኛል የሚል ሠራተኛ ወደ ሥራ ለመመለስ የሚያቀርበው ጥያቄ ውሉ በተቋረጠ በ3 ወር፣ የደመወዝ ጥያቄው ደግሞ ክፍያው መፈጸም ከነበረበት ቀን ጀምሮ በ6 ወር ጊዜ ውስጥ መቅረብ አለበት። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኞች የሙከራ ጊዜ የሚመራው በራሳቸው አዋጅ ነው።